ስለ አሜሪካውያን አገር ወዳድነት፤ ከኖርዝ ካሮላይና የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው በቅርቡ በአስተያየት ዓምዳችሁ ስለ አሜሪካውያን ለወጣው ጽሑፍ መልስ እንዲሆን ነው። ጸሐፊው የዛሬዎቹ አሜሪካውያን አገራቸውን መውደድ ትተዋል፣ መከራ የሚችል ትከሻም የላቸውም፣ አያቶቻቸው በደም በላብ ያቆሙትን አገር ተቀምጠው እየበሉ ነው ይላሉ። ጽሑፉን የባለቤቴ ወንድም ከአዲስ አበባ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልን፤ ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ከእሱ ሌላ ወሬ የለም። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ልጃችን የስቴቱ ተጠባባቂ ጦር የሆነው የኖርዝ ካሮላይና ናሽናል ጋርድ ልግባ ብሎናል፤ በዚህ ዕድሜ ለመመዝገብ ደግሞ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል። እናቱ ጽሑፉን አንብባ ስታበቃ «የገዛ ልጆቹ ለተዉት አገር የእኔ ልጅ ምን ዕዳ አለበት?» አለች።

እንግዲህ ነገሩ ለእኔ ከጋዜጣ ክርክር ያለፈ ነው። ልጄን ለማን እንደምሰጥ ማወቅ አለብኝ።

ኑሮዬ ቻርሎት ከተማ ነው። ሥራዬ የረጅም ርቀት ጭነት ነው፤ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ እየጎተትኩ ሥጋ፣ ወተትና አትክልት አመላልሳለሁ። አሜሪካን የማውቃት በመጋዘን በሮች፣ በሚዛን ጣቢያዎችና ሌሊት በማድርባቸው ትራክ ስቶፖች በኩል ነው። እዚያ የማገኘውን ሰው ቴሌቪዥን ጋብዞት አያውቅም፤ ስለ አገሩ ምን እንደሚያስብ የሚጠይቀውም የለም። ጸሐፊው ያላዩት ይህን ሰው ይመስለኛል። (ዓመቶቹን የምጽፈው፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ስለ ቁጥሮቹ ልበል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት ባደረገው መጠይቅ በአሜሪካዊነቱ «እጅግ» ወይም «በጣም» እንደሚኮራ የተናገረው ሰው በ2001 መጀመሪያ ላይ ከመቶ 87 ነበር፤ በ2025 ወደ 58 ወርዷል። እውነት ነው፣ አልክደውም። ነገር ግን ከሪፐብሊካኖቹ ከመቶ 92ቱ እንኮራለን ሲሉ፣ ከዴሞክራቶቹ እንዲያ ያሉት 36 ብቻ ናቸው። ዋይት ሐውስ የሚገባው ሰው በተለወጠ ቁጥር የዴሞክራቶቹ መልስ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ብዙው በመንግሥት ላይ ያለ ኩርፊያ ነው። ወጣቶቹ ዘንድ ያለው መቀነስ ግን በዚህ ብቻ አይገለጽም፤ ስለ ልጄ ስጽፍ እመለስበታለሁ።

ጸሐፊው ትልቁ ማስረጃ ያደረጉት የጦሩን ምልመላ ነው። በ2022 የአሜሪካ ምድር ጦር 60,000 ምልምል ፈልጎ 15,000 ጎደለበት፤ በቀጣዩም ዓመት አልሞላለትም። ታሪኩን እዚያ ላይ አቆሙት። እኔ ልቀጥለው። በ2024 የተፈለገው 55,000 ሞላ። በ2025 ዕቅዱ ወደ 61,000 ከፍ ተደርጎ፣ የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ አራት ወር ሲቀረው ተሟላ። ሞተ የተባለ የአገር ፍቅር በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቃብር አይነሣም። በ2022 ምን እንደነበረ እኔ በየመጋዘኑ ደጃፍ አይቻለሁ፤ ሁሉም ሠራተኛ እንፈልጋለን የሚል ማስታወቂያ ሰቅሎ ነበር፤ ገና መንጃ ፈቃድ ያወጣን ልጅ ኩባንያዎች ይሻሙበት ነበር። በዚያ ላይ ኮሮና ትምህርት ቤት ዘግቶባቸው የከረሙ ልጆች የመግቢያውን ፈተና ማለፍ አቃታቸው፤ ክብደቱ ከተፈቀደው በላይ የሆነውም ብዙ ነው። ጦሩ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ፎርት ጃክሰን ላይ የመሰናዶ ኮርስ ከፍቶ እነዚህኑ ልጆች እያስጠናና ክብደት እያስቀነሰ መቀበል ጀመረ። እነሱም ሄዱ። ወታደር ለመሆን ብለው መጀመሪያ ከራሳቸው ሰውነት ጋር የሚታገሉ ልጆች ያሏትን አገር ወኔ አጣች ለማለት አልደፍርም።

ስለ አያቶቻቸው የተጻፈው የበለጠ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም የእኔ አያት ከእነዚያ አያቶች ጎን ተሰልፏል። የወሎ ሰው ነው። ከክብር ዘበኛ ተመርጦ በቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘመተ፤ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጋ። ቃኘው ከ120 በላይ ልጆቹን ገብሮ አንድም ሰው ሳያስማርክ እንደተመለሰ አንባቢ ያውቃል። አያቴ ስለ አሜሪካኖቹ ሲያወራ ከፍ አድርጎም ዝቅ አድርጎም አልነበረም። ብርዱ ሲጠናባቸው የሚያለቅሱ ልጆች ነበሩ፣ ያው ያለቀሰው ልጅ በማግስቱ ቁስለኛ ተሸክሞ ኮረብታ ሲወርድ ታየዋለህ፣ ይል ነበር።

እነዚያ ልጆች አገራቸው ሲመለሱ ምን ተባሉ? ከ7,000 በላይ አሜሪካውያን ኮሪያ ላይ ተማርከው ከ2,700 የሚበልጡት በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ እዚያው አልቀዋል። ተኩሱ ሲቆም 21 ምርኮኞች ወደ አሜሪካ አንመለስም ብለው ከቻይናዎቹ ጋር ቀሩ። በ21 ሰው ምክንያት አገር ተናወጠ። ይህ ትውልድ እናቱ ያሞላቀቀችው ነው፣ ለምን እንደሚዋጋ አያውቅም፣ ጠላት ትንሽ ሲጫነው ይከዳል ተባለ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ወታደሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ እንዴት ጸንቶ መቆየት እንዳለበት የሚደነግግ የሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። በዚያው ዘመን ልጆች የአካል ጥንካሬ ፈተና ተሰጥቷቸው ከአሜሪካኖቹ ከግማሽ በላይ ወደቁ፤ ከአውሮፓ ልጆች ከአሥር አንድ እንኳ አልወደቀም። ኬኔዲ በ1960 መጨረሻ ተመርጠው ሥልጣን ሳይረከቡ በአንድ የስፖርት መጽሔት ላይ አሜሪካዊው እየለሰለሰ ነው ብለው ጻፉ።

ዛሬ በጋዜጣችሁ «ብረት» የተባሉት አያቶች እነዚሁ ናቸው። ለሰለሱ ከተባሉት ወጣቶች ጥቂቶቹ በ1962 የሰላም ጓድ ሆነው ኢትዮጵያ መጡ። ደሴ ላይ አባቴን ሒሳብ ካስተማሩት አንዱ ከእነሱ ነው፤ መብራት በጠፋበት ምሽት በፋኖስ ደብተር ሲያርም አባቴ በዓይኑ አይቶታል። ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ ነገሩ ያው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካገለገሉት 16 ሚሊዮን ሰዎች ከአሥሩ ስድስቱ በግዳጅ ምልመላ የገቡ ናቸው። በ1863፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው መሐል፣ ኒውዮርክ ከተማ በግዳጅ ምልመላ ምክንያት ለቀናት ነድዳ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። ዛሬ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ የሚዘምተው በፈቃዱ የተመዘገበ ብቻ ነው። ያለፉትን ላሳንሳቸው ብዬ አላነሣሁትም። ሰዎቹ በራሳቸው ዘመን ምን ይባሉ እንደነበር ሳይጠይቁ የዛሬዎቹን በእነሱ መመዘን ፍርድ ማጉደል ነው ብዬ ስለማምን ነው።

አሁን በዓይኔ ወዳየሁት ልምጣ።

ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ሌሊት ፍሎሪዳ ገብቶ ማለዳውን በምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና ያሉት ተራሮቻችን ላይ የደረሰው ሴፕቴምበር 27 ቀን 2024 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 2017፣ የመስቀል ዕለት። አሽቪል ከተማ ላይ ፍሬንች ብሮድ የሚባለው ወንዝ ከ1916ቱ ታላቅ ጎርፍ በላይ ሞላ። ስዋናኖዋ ላይ ቤቶች ከነመሠረታቸው ተነቅለው ሄዱ፤ ቺምኒ ሮክ የምትባለው የቱሪስት መንደር ከነሱቆቿ ፈረሰች። በኖርዝ ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ማዕበሉ ካለፈባቸው ስቴቶች ሁሉ ጋር ወደ 250። አሽቪል ለ53 ቀን የሚጠጣ የቧንቧ ውኃ አላገኘችም። ኢንተርስቴት 40 የተባለው አውራ ጎዳና በቴነሲ ድንበር አጠገብ ፒጅን ወንዝ ገደል ውስጥ ገሚሱ ተቦርቡሮ ወንዝ ገባ። ወደ ኖክስቪል የምመላለስበት መንገድ እሱ ስለነበር ለወራት በኢንተርስቴት 77 እና 81 ቨርጂኒያን እየዞርኩ ነው የሠራሁት።

በኦክቶበር ጭነት የሚመድብልኝ ዲስፓቸሬ ደውሎ «የታሸገ ውኃ ነው፣ ወደ ተራራው ነው፣ ትወስዳለህ?» አለኝ። ወሰድኩ። ማራገፊያው ከብላክ ማውንቴን አለፍ ብሎ ያለ የበጎ ፈቃደኞች እሳት አደጋ ጣቢያ ነበር። የመጋዘን በር የለ፣ ፎርክሊፍት የለ። የእሳት አደጋ መኪኖቹ ውጭ ወጥተው አዳራሹ በዳይፐር፣ በሕፃናት ወተት፣ በብርድ ልብስ፣ በጄኔሬተርና በዛፍ መቁረጫ መጋዝ ተሞልቷል። ሰው በሁለት ረድፍ ቆመ። ሃያ ገደማ ፓሌት ውኃ በእጅ ተቀባብለን አወረድነው፤ ረድፉ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው ልጅም፣ ሰባ ያለፈው ሽማግሌም ነበሩ። አንድም ሰው ሲያለቃቅስ አልሰማሁም።

በር ላይ አንዲት ሴት ደብተር ይዛ ተቀምጣለች። በየትኛው ኮረብታ ማን እንዳለ፣ ኢንሱሊን የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ የኦክስጅን መሣሪያው ጄኔሬተር የሚፈልገው የትኛው ቤት እንደሆነ ቤት በቤት ጽፋለች። ስልክም ኢንተርኔትም በሌለበት ሰሞን ይህንን ሁሉ በእግር በሚሄዱ ልጆች ነው ያሰባሰበችው። ድልድይ ተቆርጦ መኪና በማይደርስበት ቦታ ምግብና መድኃኒት በበቅሎ ጭነው የሚያደርሱ ሰዎች ነበሩ፤ ይህንን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት አያስፈልገኝም። መጋዝ ይዞ የቆመውን ሰውዬ ቤትህ ተረፈ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ወንዙ እንደወሰደበት፣ ፒክአፑ ውስጥ እንደሚያድር ነገረኝና የሚቀጥለው ዛፍ የት እንደወደቀ ሊጠይቅ ወደ ባለ ደብተሯ ሄደ።

ያ ጣቢያ ምን እንደሆነ ለአገር ቤት ሰው በአንድ ቃል ለመናገር እድር ነው ብል ይሻላል፤ ሲሞት ብቻ ሳይሆን ሲቃጠል፣ ሲታመም፣ ጎርፍ ሲወስደው የሚደርስ እድር። አሜሪካ ውስጥ በ2020 ከነበሩት አንድ ሚሊዮን ከሚያልፉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመቶ 65ቱ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ቀን መካኒክ፣ አስተማሪ፣ ገበሬ ሆነው ይውላሉ፤ ሌሊት ጥሪ ሲሰሙ ተነሥተው ይሄዳሉ። ቁጥራቸው እያነሰ መሆኑንም እናገራለሁ፤ በ1984 ወደ 898,000 ነበሩ፣ በ2020 ወደ 677,000 ወርደዋል። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ከገጠር ስለሚወጣ ጣቢያዎቹ ሽማግሌ እየበዛባቸው ነው። ጸሐፊው ስለዚህ ቢጽፉ ኖሮ እኔም አብሬያቸው እጨነቅ ነበር።

ሌላም ልጨምር። ከጠፋው ቤትና ንብረት ብዛት የተነሣ የመንግሥት እጅ ያልደረሰበትን ቦታ ከሠሩት መካከል ከፔንሲልቬኒያ የመጡ አሚሾች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አይዙም፣ ለባንዲራ ቃል አይገቡም፣ ብዙዎቹም አይመርጡም። በመጠይቁ ሚዛን ቢመዘኑ አገር ወዳድ አይባሉም። እነሱ ግን ሚስማርና መዶሻቸውን ይዘው መጥተው ለማያውቁት ሰው ቺምኒ ሮክ ላይ ቤትና ሱቅ ሠሩ። ለዚህ ነው «አሜሪካውያን እኮራለሁ አይሉም» የሚለው ማስረጃ እኔን ያላሳመነኝ።

እዚህ ላይ ብቆም ደብዳቤዬ ጸሐፊውን ለመርታት ብቻ የተጻፈ ይሆን ነበር። ያስፈራኝን ካልነገርኳችሁ ያየሁትን ግማሽ ሸሸግኩ ማለት ነው።

ውኃውን አውርደን ስንጨርስ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፌማ የእርዳታ መኪናዎችን ካውንቲው (ወረዳው) መግቢያ ላይ እየወረሰ ነው ይባላል፣ አንተን እንዴት አሳለፉህ አለኝ። ፌማ የፌዴራሉ መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው። ማንም እንዳላስቆመኝ፣ ከተጫነበት እስከዚህ ድረስ ማኅተሙ እንዳልተነካ ነገርኩት። ሰውዬው መኪናዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ «ምናልባት አንተን ለቅቀውህ ይሆናል» አለ። ያመጣሁትን ውኃ ጠርሙሱን ከፍቶ እየጠጣ ነው እንዲህ የሚለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ምሳ ካልበላህ አትሄድም ብሎ ሙግት የገጠመኝም እሱ ነው። ቃሌን መቀበል ግን አልቻለም።

በዚያ ሰሞን የሚወራው ብዙ ነበር። ለአስቸኳይ ችግር የሚሰጠው 750 ዶላር ብድር ነው፣ ካልከፈልክ መሬትህን ይወስዱታል ይባላል። በጎርፍ ቤቱን ያጣ ሰው፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ ያለው እጅግ ጥቂት በሆነበት አገር፣ ይህንን ሰምቶ ሳያመለክት የቀረ አለ። በዚያው ኦክቶበር የፌማ ሠራተኞች ዛቻ ስለደረሰባቸው ቤት ለቤት መዞራቸውን በአንዳንድ ቦታ ለጊዜው አቋረጡ፤ መሣሪያ የያዘ አንድ ሰውም ተያዘ። ጥርጣሬው ደግሞ ሁሉም ከባዶ የመጣ አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት የፌማ ተቆጣጣሪ ለሠራተኞቿ የትራምፕ ምልክት የተከለባቸውን ቤቶች እለፏቸው ብላ አዝዛ በኖቬምበር ከሥራ ተባርራለች። ጎርፍ ለወሰደው ቤት በፖለቲካው ተለይቶ እርዳታ ሲነፈግ፣ ሊረዳ የመጣ ሠራተኛ በጠመንጃ ሲፈራ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው።

ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በዘገበው መሠረት በ1964 ከመቶ 77 አሜሪካዊ የፌዴራሉ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ያደርጋል ብሎ ያምን ነበር። በ2024 ይህን የሚያምነው ከመቶ 22 ነው። በመሐሉ ቬትናም አለ፣ ዋተርጌት አለ፣ አለ ተብሎ ባልተገኘ መሣሪያ ሰበብ የተጀመረው የኢራቅ ጦርነት አለ፣ ባንክ ድኖ ባለቤት ከቤቱ የወጣበት 2008 አለ። በእኛ ተራሮች ደግሞ ካንተን አለች። ከመቶ ዓመት በላይ የሠራ የወረቀት ፋብሪካ ነበራት፤ በኢንተርስቴት 40 ስታልፍ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባ ነበር። በ2023 ተዘጋ፤ ከ1,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ። በዓመቱ ጎርፉ መጣ። የካንተን ሰው ከዋሽንግተን መጣሁ የሚልን ሰው በጥርጣሬ ቢያይ አልፈርድበትም። ግን ካውንቲውን የሚወድ ሰው አገሩን ካላመነ፣ በመጋዝ የማይቆረጥ ችግር የመጣ ቀን ማን ይሰበስበዋል? ለወራት የተዘጋውን አውራ ጎዳና እድር አይሠራውም። ኢንተርስቴት 40 በማርች 2025 በአንድ በአንድ መስመር ሲከፈት በመጀመሪያው ሰሞን አልፌበታለሁ፤ ያንን ገደል ግንብ ያለበሰው የፌዴራል ገንዘብና የስቴት መሐንዲስ ነው።

ልጄ የተወለደው ከቬትናም፣ ከዋተርጌትና ከኢራቅ ጦርነት መጀመር በኋላ ነው። አገሩ በአንድ ድምፅ ስትናገር ሰምቶ አያውቅም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ታጣቂ ቢገባ ጠረጴዛ ሥር እንዴት እንደሚደበቅ ተለማምዷል፤ በኮሮና ጊዜ መኝታ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ተምሯል። የእሱ እኩዮች በአሜሪካዊነትህ ትኮራለህ ወይ ሲባሉ ቢያመነቱ ምን ይገርማል? ማመንታታቸውን ግን ከስንፍና ጋር አትደምሩት። የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን የሰበሰቡትን ልብስና ምግብ ይዘን ወደ ተራራው ስንወጣ ልጄ አብሮኝ ነበር። የጋርድ ሄሊኮፕተር ሜዳ ላይ አርፎ ሽማግሌ ሴት በቃሬዛ ሲያወርዱ ቆሞ አየ። ከእሱ ብዙ የማይበልጥ ወታደር ሴትዮዋን እጇን ይዞ ይመራታል። ማታ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ እኔም እዚህ ነው መሥራት የምፈልገው» አለኝ። ስለ ባንዲራ አላወራም፤ ስለ ኩራትም አላወራም።

እኔ ፈርሜያለሁ። አያቴ በማያውቀው አገር ከእነዚህ ሰዎች ጎን ቆሟል፤ ልጄ በተወለደበት አገር ለጎረቤቱ ልድረስ ሲል ልከለክለው አልችልም።

እናቱ አልፈረመችም። የአሜሪካውያንን ጽናት ከእኔ እኩል ታውቃለች፤ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ በኮሮና ጊዜ አብረዋት የነበሩትን ነርሶች አይታለች። ጥያቄዋ ሌላ ነው። ጋርድ የተባለው ለጎርፍና ለእሳት ሲወጣ በስቴቱ ገዢ ሥር ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በፌዴራል ትእዛዝ ሲጠራው ግን ሌላ ቦታ ይሰማራል። በ2025 የካሊፎርኒያ ጋርድ የስቴቱ ገዢ ሳይፈቅዱ ሎስ አንጀለስ ጎዳና ላይ ሲወጣ በቴሌቪዥን አይታለች። «ልጄ ቃሬዛ ሊሸከም ፈርሞ በሌላ ሰው ጎረቤት ፊት ጠመንጃ ይዞ ቢያቆሙትስ? ያኔ እምቢ ማለት ይችላል?» ትለኛለች። ይህንን ለመመለስ የሕዝቡን ወኔ መለካት አይጠቅመኝም፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ሰው የሚታመን መሆኑን ነው ማወቅ የምፈልገው፤ እሱን ደግሞ የእሳት አደጋ ጣቢያው ደጅ ላይ ያገኘሁት ሰውም ያጣው ነው።

የጽሑፉ ባለቤት አንባቢና አሳቢ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ይታያል። ስለዚህኛው ጥያቄ የሚሉት ካለ በጋዜጣችሁ ላይ ባነበው ደስ ይለኛል፤ ለባለቤቴም አነብላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ የጭነት መኪና ሹፌር
ቻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና